ለጆሮ አንድ፣ ለሥራ ሁለት፤ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላት

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ ሲሰማ ለቋንቋ መምህራን እንጂ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚስማማ ላይመስል ይችላል። ይሁንና በኢትዮጵያ የምሕንድስና ሙያ በሁለት ቋንቋ የሚሠራ ሙያ መሆኑን ከማኅበሩ አባላት የሚስተው የለም። ንድፉ፣ ስሌቱና የሥራ ውሉ በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁፋሮው፣ ግንበኝነቱና ብየዳው ግን የሚካሄዱት በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የተጻፈውን ወደ ንግግር፣ የተነገረውንም ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው መሐንዲሱ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ የማይመች አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸውና ፍቺያቸው የተለያዩ እጅግ ብዙ ቃላት ያሉት መሆኑ ነው።

በዚህ ንግግር ሦስት ጥያቄዎች ይመረመራሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ቃላት ከወዴት መጡ? ሁለተኛ፣ ከነርሱ መካከል ለሥራ አደገኛ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው? ሦስተኛ፣ ሌሎች ሙያዎች አደጋውን ለመከላከል ምን አደረጉ፣ የምሕንድስና ባለሙያውስ ከነርሱ ምን ሊማር ይችላል? የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ምንጭ

ብዙ ሰው እነዚህን ቃላት ማምታታትን ከትምህርት ጉድለት ጋር ያያይዘዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የቃላቱ መመሳሰል የተናጋሪው ሳይሆን የቋንቋው ታሪክ ያመጣው ነው።

ዊልያም ካክስተን የመጀመሪያውን ማተሚያ ወደ እንግሊዝ አገር ያስገባው በ1476 ነበር። ከዚያ በኋላ የቃላቱ አጻጻፍ ቀስ በቀስ እየጸና ሄደ። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባሉት ዓመታት፣ የቋንቋው ረዣዥም አናባቢዎች ድምፃቸውን እየለወጡ ነበር። ይህን ለውጥ የቋንቋ ሊቃውንት ታላቁ የአናባቢዎች ሽግሽግ ይሉታል። ከዚህም የተነሣ ፊደሉ በአሮጌው ድምፅ ላይ ቆሞ ሲቀር አፉ ወደ ሌላ ተሻገረ። ለምሳሌ ያህል፣ ሥጋ ማለት የሆነው ሚት እና መገናኘት ማለት የሆነው ሚት ቀድሞ በአነጋገር የሚለያዩ ቃላት ነበሩ፤ ዛሬ የሚለያዩት በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሌሊት ማለት የሆነው ናይትና ፈረሰኛ ጦረኛ ማለት የሆነው ናይትም እንዲሁ ናቸው። በሁለተኛው ቃል መነሻ ላይ የሚጻፈው የኬ ፊደል በጥንት ዘመን በእውነት ይነበብ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ብድር ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ ከፈረንሳይኛ፣ በኋላም በቀጥታ ከላቲን እጅግ ብዙ ቃላት ገቡ። አንዳንዱ ሥር በሁለት መንገድ ገብቶ ሁለት ቃል ሆኗል። ጥንቁቅና ምስጢር ጠባቂ የሚለው ዲስክሪትና፣ ነጠላ ነጠላ ሆኖ የተለየ የሚለው ዲስክሪት የአንድ የላቲን ቃል ልጆች ናቸው። ብረታ ብረት ማለት የሆነው ሜታልና የሰው ወኔና ጽናት የሚባለው ሜታልም በመጀመሪያ አንድ ቃል ነበሩ፤ በኋላ ጸሐፊዎች በፊደል ለያዩአቸው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም። በግዕዝ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን ሰአለ ግን ለመነ ማለት ነው። ዓመት የዘመን ስም ነው፤ አመት ግን ገረድ ማለት ነው። በአማርኛ አነጋገር የነዚህ ፊደላት ድምፅ አንድ ሆኗል፤ ልዩነቱን የሚጠብቀው ብዕር ብቻ ነው። በአንጻሩ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ገና የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜው አለመድረሱን፣ ዋና የሚለውም በውኃ መዋኘትን ይሁን ቀዳሚና አብይ የሆነውን ነገር፣ ተናጋሪው እስኪያነበው ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ችግሩ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ቋንቋ በአንዱ በኩል የዘጋውን ቀዳዳ በሌላው በኩል ከፍቶ ይገኛል።

ለኢትዮጵያዊው ባለሙያ ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። እንግሊዛዊው ሁለቱን ቃላት በጆሮው ባይለይ በፊደላቸው ይለያል። አማርኛ ግን የውጭ ቃል የሚጽፈው በሚሰማው ድምፅ ነው። ስለሆነም የእንግሊዝኛው ቃል በአማርኛ ሪፖርት፣ በቃለ ጉባኤ ወይም በዕለት ሥራ መዝገብ ላይ በግዕዝ ፊደል ሲሰፍር ልዩነቱን ይጠብቅ የነበረው የመጨረሻው አጥር ይፈርሳል። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ሚት፣ ሁለቱ ናይት፣ ሁለቱ ዲስክሪት በዚህ ጽሑፍ ላይ እንኳ በዐይን የማይለዩ መሆናቸው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

በሥራ ቦታ የሚገኙት

ከመንገድ ሥራ ይጀመር። ኮርስ የሚለው ቃል አንደኛው ፍቺ በሌላው ላይ የሚነጠፍ የመንገድ ድርብ ነው፤ ቤዝ ኮርስ ሲባል ከአስፋልቱ በታች ያለውን መሠረታዊ ንጣፍ ያመለክታል። ሁለተኛው ኮርስ ደግሞ ሻካራና ትልልቅ ማለት ነው፤ ኮርስ አግሪጌት ሲባል በ4.75 ሚሊሜትር ወንፊት ላይ የሚቀረው ጠጠር ነው። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንዱ ዩ፣ ሌላው ኤ የሚል ፊደል በመካከሉ ይዟል። በስልክ ግን ዩም ኤም አይሰሙም። ሠራተኛው «የኮርሱ ጠጠር ይምጣ» የሚል ቃል ቢደርሰው ለንጣፉ የተመረጠውን ድብልቅ ይሁን ለኮንክሪት የሚሆነውን ሻካራ ጠጠር ከቃሉ ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ ሠልጣኞች የሚከታተሉት ትምህርት ራሱ ኮርስ ይባላል።

ሌላው የመንገድ መሐንዲሱ ቃል ሳይት ነው። የግንባታ ቦታ ሳይት መባሉ በአማርኛም ተለምዷል። ነገር ግን አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን እንቅፋት አይቶ ለመቆም የሚያስፈልገው የእይታ ርቀትም ሳይት ዲስታንስ ይባላል፤ ይህኛው ሳይት ማየት ማለት ነው። በአሜሪካው የመንገድ ንድፍ መመሪያ መሠረት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት ደልዳላ መንገድ ይህ ርቀት 130 ሜትር ነው። በሪፖርት ላይ ሁለተኛው ሳይት በአንደኛው ፊደል ሲጻፍ የሥራ ቦታ ርቀት የሚል ትርጉም ይሰጣል። የኮምፒውተሩ ፊደል ማረሚያም ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ሳይነቅፍ ያልፋል።

የኅንፃ መሐንዲሱ ደግሞ ፕሌን ከሚለው ቃል ጋር ይገናኛል። አንደኛው ፕሌን ጌጥም ሆነ ጭማሪ የሌለው ተራ ነገር ማለት ነው፤ ፕሌን ኮንክሪት ፌሮ ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ ፕሌን ባርም ጥርስ የሌለው ለስላሳ ፌሮ ነው። ሁለተኛው ፕሌን ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ በወጋግራ መታጠፍ ትምህርት ውስጥ ጠፍጣፋ የነበረው ክፍል ከታጠፈ በኋላም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል የሚለው መነሻ ሐሳብ የሚያዘው በዚህኛው ነው። ሁለቱም የወጡት ሜዳና ልሙጥ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ከነርሱ አጠገብ ፕሪንሲፕል ይቆማል። አንደኛው መርሕ ማለት ሲሆን ሌላው ዋና ማለት ነው። በአንድ የስሌት ገጽ ላይ ሁለቱም ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ዋና ዋና ጭነቶች የሚገኙት በአንደኛው ቃል ሲሆን የተደራራቢነት መርሕ የሚጠራው በሌላው ነው።

የተወሰኑት ደግሞ ከማሳፈር አልፈው ጉዳት የሚያመጡ አይደሉም። ስቴሽነሪ አንዱ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ ሌላው የጽሕፈት መሣሪያ ነው። ለቋሚ ክሬን የጽሕፈት መሣሪያ ክሬን የሚል ጽሑፍ የላከ መሥሪያ ቤት ይሳቅበት ይሆናል እንጂ ክሬኑ አይወድቅም። ታሪኩም ደስ ይላል፤ በመካከለኛው ዘመን እየዞሩ ከሚነግዱት ተለይቶ በቋሚ ቦታ መጽሐፍና ወረቀት የሚሸጠው ነጋዴ ነበር ስሙን ለዕቃው የሰጠው።

የሥራ ቦታው አማርኛ በዚህ ረገድ ያልታሰበ ጥበብ እንዳለው ማስተዋል ይገባል። በእንግሊዝኛ የመኪና ማቆሚያውና መሰበር የሚለው ግሥ ሁለቱም ብሬክ ናቸው። መካኒኩ ግን ከጣሊያንኛ ወስዶ ፍሬን ስለሚል «ፍሬኑ ተሰበረ» ሲል ማንም አይደናገርም። በእንግሊዝኛ የቤት ጣራ ውስጠኛው ልባስና የቀዳዳ መድፈኛ ሥራ ሁለቱም ሲሊንግ ይባላሉ፤ አናጢው ግን ኮርኒስ ስለሚል ከዚህ ችግር ነጻ ነው። በእጅ ሥራ የኖረው ቃል፣ በትምህርት ቤት ከተገኘው ቃል ይልቅ አንዳንድ ጊዜ የተሻለ መሣሪያ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

አደገኛው የትኛው ነው

እዚህ ላይ አንድ መለኪያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላት ሁሉ አደገኛ አይደሉም። ከሁለቱ ፍቺዎች አንደኛው በቦታው የማይረባ ሲሆን አእምሮ ራሱ ያርመዋል። አደጋው የሚመጣው ሁለቱም ፍቺዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ትርጉም ሲሰጡ ነው። በዚያን ጊዜ ሰሚው አንዱን ይመርጣል፤ መምረጡን ግን ራሱም አያውቀውም። ካላወቀውም አይጠይቅም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ሬዝ የሚለው ቃል ነው። አንደኛው ሬዝ ከፍ ማድረግ፣ ማቆም ማለት ነው። ሌላው ሬዝ ከመሬት ጋር እስኪስተካከል ማፍረስ ማለት ነው። አንድ የውጭ አገር አማካሪ አሮጌውን ግድግዳ ሬዝ አድርጉት ብሎ በቃል ቢያዝ፣ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሁለቱም ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሚል የሚለውም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሚል የኢንች አንድ ሺሕኛ፣ ማለትም 0.0254 ሚሊሜትር ነው። በሌሎች እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ግን ባለሙያዎች ሚሊሜትርን አሳጥረው ሚል ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 39 እጥፍ ይጠጋል። ስልሳ ሚል የውኃ መከላከያ ፕላስቲክ ሲታዘዝ ስልሳ ሚሊሜትር ሊሆን እንደማይችል መሐንዲሱ ወዲያው ይረዳል፤ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለት ሚል ፕላስቲክ ሲባል ግን 0.05 ሚሊሜትርም ሆነ 2 ሚሊሜትር በገበያ የሚገኙ ዕቃዎች ስለሆኑ ስሕተቱ ሳይነቃበት ያልፋል። የሰዓት አቆጣጠሩም ከዚህ ጋር ይቆጠራል። ኮንክሪቱ በሁለት ሰዓት ይድረስ የሚል ትእዛዝ ከውጭ አገር ባለሙያ ሲመጣና ከኢትዮጵያዊ ሲመጣ በመካከሉ ስድስት ሰዓት ይገባል፤ ሁለቱም ሰዓቶች ደግሞ የሥራ ሰዓቶች ናቸው።

ቁጥሮች ከሁሉ ይከፋሉ። ማንኛውም ቁጥር በማንኛውም ቦታ ትርጉም ሊሰጥ ስለሚችል አእምሮ የሚያርምበት መንገድ የለውም። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ማለትም 15 እና 50፣ በንፋስና በማሽን ጩኸት መካከል አይለዩም። በ15 ሴንቲ ሜትርና በ50 ሴንቲ ሜትር የፌሮ ርቀት መካከል ያለውን ልዩነት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም።

ሁለት የአየር አደጋዎች

ቃል ሰው ሊገድል እንደሚችል በግልጽ ያስመሰከረው የአቪየሽን ታሪክ ነው።

በየካቲት ወር 1989 በ19ኛው ቀን የፍላይንግ ታይገር ላይን ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከሲንጋፖር ተነሥቶ ወደ ኳላ ሉምፑር እየቀረበ ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ወደ 2,400 ጫማ ከፍታ እንዲወርድ ሲያዝ «ዲሴንድ ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ» አለ። በእርሱ አሳብ ቱ ማለት ቁጥሩ ሁለት ነበር። አብራሪዎቹ ግን ቱን ወደ የሚለው መስተዋድድ አድርገው ሰሙትና «ኦኬ፣ ፎር ዚሮ ዚሮ» ሲሉ መለሱ። ወደ 730 ሜትር ገደማ የነበረው ከፍታ በነርሱ ዘንድ ወደ 120 ሜትር ወረደ። ተቆጣጣሪው የመልሱን ስሕተት አላረመም። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 4 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። እርግጥ ነው፣ የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ሳለ አብራሪዎቹ አለመመለሳቸውን የመሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። የጥፋቱ በር የተከፈተው ግን በአንዲት ፊደል በማይበልጥ ቃል ነው።

ሁለተኛው አደጋ በመጋቢት ወር 1977 በ27ኛው ቀን በቴነሪፍ ደሴት፣ በሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ነው። እዚህ የተምታታው ሁለት ቃል ሳይሆን ሁለት ፍቺ የተሸከመ አንድ ቃል ነበር። ተቆጣጣሪው ለኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ የሚከተለውን መንገድ ብቻ ሲነግረው በመካከሉ ቴክ ኦፍ የሚል ቃል ነበረበት። ካፒቴኑ መንደርደር ጀመረ። ረዳቱም «ዊ አር ናው አት ቴክ ኦፍ» ሲል አስታወቀ። ይህ አነጋገር ለመነሣት በቦታችን ነን ማለትም፣ በመነሣት ላይ ነን ማለትም ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን መስሎት «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎ ተጠባበቁ ያለው ቃል ግን ከሌላ የሬድዮ ድምፅ ጋር ተደራርቦ በግልጽ አልተሰማም። በጭጋጉ ውስጥ በዚያው መንደርደሪያ ላይ የነበረውን የፓን አሜሪካን አውሮፕላን የሚያየው አልነበረም። 583 ሰዎች ሞቱ።

ሌሎች ሙያዎች ያደረጉት

እንደነዚህ ካሉ ችግሮች በኋላ ባለሙያዎች ምን አደረጉ? የተሻሉት፣ ሰው ጆሮውን እንዲያተጋ በማሳሰብ ብቻ አልቆሙም፤ ቃሉን ለወጡት።

የእንግሊዝ መርከበኞች የመርከቡን ቀኝ ስታርቦርድ፣ ግራውን ላርቦርድ ይሉ ነበር። በማዕበልና በነፋስ መካከል ሁለቱ አይለዩም፤ ቀኝና ግራ ሲምታታ ደግሞ መርከብ ከዐለት ጋር ይጋጫል። በ1844 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላርቦርድ የሚለውን ትቶ በምትኩ ፖርት እንዲባል አዘዘ። ለዘመናት የኖረ ቃል በአንድ ትእዛዝ ከሥራ ወጣ፤ ቋንቋውም አልተጎዳም።

ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ የተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስም በሬድዮ አይለይም። ስለዚህ ከ1956 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ የሚሄደውን የፊደል አጠራር በሥራ ላይ አዋለ። ቃላቱ የተመረጡት በልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጆሮ ተፈትነው ነው። አልፋ የሚለው እንኳ እንግሊዞች እንደሚጽፉት በፒ-ኤች ሳይሆን በኤፍ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው በስሕተት እንዳያነበው ነው። ቁጥር 5 ፋይፍ፣ ቁጥር 9 ናይነር ተብለው እንዲነበቡም ተደረገ፤ ፋይቭና ናይን በሬድዮ ስለሚቀራረቡ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንግዳው ሰው እንደ ደካማ ተማሪ አልታየም፤ ሥርዓቱ የተነደፈው ለእርሱ ነው።

ከቴነሪፍ አደጋ በኋላም ቴክ ኦፍ የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ ዲፓርቸር እንዲባል ተደነገገ። ኦኬ ብሎ መመለስም ቀረ፤ ትእዛዙን የተቀበለ ሰው ዋናውን ቃል ደግሞ መናገር አለበት።

በሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በአሜሪካ ሎሴክ የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ላሲክስ ከተባለው ሽንት ከሚያስወጣ መድኃኒት ጋር በስም እየተምታታ ስላስቸገረ በ1990 ስሙ ፕሪሎሴክ ተባለ። በባሕር ትራንስፖርትም ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት በ2001 መርከበኞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን የተመረጡ አነጋገሮች አጽድቋል።

ከነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለመሐንዲስ አዲስ አይደለም። ድልድይ ሲነደፍ ሾፌሩ ሁሉ ከተፈቀደው ክብደት በላይ አይጭንም ተብሎ አይታሰብም፤ ለሰው ስሕተት የሚሆን ትርፍ ጥንካሬ ይጨመራል። ንግግርም እንዲሁ መነደፍ አለበት። በደንብ አድምጥ ማለት ምክር እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ሁለቱ ቃላት ለጆሮ አንድ ከሆኑ ምንም ያህል ቢደመጡ አንድ ናቸውና።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ በቃል የተሰጠ ትእዛዝ በተቀባዩ አፍ ተመልሶ ይነገር። «እሺ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚያ ከቴነሪፉ ኦኬ አይሻልም፤ ሰማሁ ማለትም፣ ተስማማሁ ማለትም፣ አክብሮት ማሳየትም ይሆናል። በእሺ ፈንታ «ግድግዳው ይፍረስ ብለዋል» የሚል መልስ ቢሰጥ፣ ሬዝ የሚለው ቃል የሚያደርሰው አደጋ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠራ፤ መለኪያውም በሙሉ ስሙ ይከተለው። አንድ አምስት፣ ሴንቲ ሜትር፤ ወይም አምስት ዜሮ፣ ሴንቲ ሜትር። በአማርኛ አሥራ አምስትና አምሳ በእንግሊዝኛው ያህል ስለማይቀራረቡ በሥራ ቦታ ቁጥርን በአማርኛ መጥራትም ጠቃሚ ነው። ይሁንና አምስትና አምሳ፣ ዘጠኝና ዘጠና ራሳቸው የሚቀራረቡ ስለሆኑ ነጣጥሎ መጥራቱ አይቀርም። ሚል የሚለው አጭር ስም ከትእዛዝ ጨርሶ ቢወጣ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ አሻሚው ቃል ሌላ ምትክ ካለው ይተካ። ፕሌን ኮንክሪት ከማለት ፌሮ የሌለው ኮንክሪት፣ ሳይት ዲስታንስ ከማለት የእይታ ርቀት፣ ቤዝ ኮርስ ከማለት መሠረታዊ ንጣፍ ማለት ይቻላል። ራይት የሚለው ቃል ቀኝም ትክክልም ስለሆነ ክሬን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ማረጋገጫ ሆኖ ሊነገር አይገባውም። የእንግሊዝኛው ቃል በአማርኛ ሪፖርት ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነም፣ መጀመሪያ በተጻፈበት ቦታ የአማርኛ ፍቺው ይከተለው።

አራተኛ፣ በቃል የተላለፈው በዚያው ዕለት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ይህ በብዙ የሥራ ውሎች ላይ የተደነገገ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ክርክር ሲነሣ ነው። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ግን ለክርክሩ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከመሠራቱ በፊት ስሕተቱን ለማግኘት ነው።

አምስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የባሕርይ ጉዳይ ነው። አዲስ ተመራቂ መሐንዲስ ከነባር አለቃው ወይም ከውጭ አገር አማካሪው የሰማው ቃል ሲጠረጥረው ድጋሚ መጠየቅ ያፍራል። እንግሊዝኛ አያውቅም እንዳይባል ይሰጋል። ስለዚህ በግምት ይሠራል። ከላይ እንደታየው ግን እንግሊዝኛን በአፋቸው የፈቱትም ላርቦርድን ከስታርቦርድ መለየት አቅቷቸው ቃሉን ለውጠዋል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በግንባታ ሥራ ላይ ከሹመትም የበለጠ ነገር ይቀራል። የዚህን ወጣት ዐፍረት ማስወገድ የወጣቱ ሥራ ብቻ አይደለም። አለቃው ራሱ «የተናገርሁትን ድገምልኝ» የማለት ልማድ ሲኖረው፣ መድገም የደካማነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ እንደ ራስ ቁር መልበስ ያለ ተራ የሥራ ደንብ ይሆናል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ማኅበሩ በየሙያ ዘርፉ የሚያስቸግሩ ጥንድ ቃላትን ከነአማርኛ ምትካቸው በአንድ ሉህ አሰባስቦ በየሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ቢያስለጥፍ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። ሥራው ብዙ ዓመታት አይጠይቅም፤ የመንገዱ፣ የኅንፃው፣ የውኃውና የኤሌክትሪኩ መሐንዲስ እያንዳንዱ በገጠመው ቃል ቢጀምር ይበቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ምሳሌ ለእህል ይሠራል፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን አይለቀምም። አንድን ቃል ሁለት ጊዜ ለመናገር የሚጠፋው ጊዜ ከዚያ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።